አልጋዬ ሥር የተደፈነው ጉድጓድ

ታመው የዳኑ ሰዎች ሲጽፉ መጀመሪያ ፈጣሪን፣ ቀጥለው ሐኪሞችን፣ ከዚያ ቤተሰባቸውን ያመሰግናሉ። እኔም የማመሰግነው ሰው አለኝ፤ ግን ይቆየኝ። መጀመሪያ የምናደድበትን ልናገር። በእግሬ ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ ያልረገጥኩት የሐኪም ደጅ፣ ያልዋጥኩት ክኒን የለም። ከዚያ ሁሉ ሐኪም አንዱ እንኳን «እግርሽ ምን እያደረገ ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም። «ያምሻል?» ይሉኛል። አያመኝም እላለሁ። «እንግዲያው ምንም የለብሽም» ብለው ካርዴን ይዘጉታል። እንደኔ ምንም የለብሽም እየተባለ የሚንከራተት ሰው ካለ ያንብበው ብዬ ነው የምጽፈው፤ እንዲጽናና ሳይሆን እንዲናደድ። ለኔ ንዴት ከመርፌው ሁሉ የተሻለ ሠርቶልኛል።

ያደግሁት ጉለሌ ነው፣ ከሽሮ ሜዳ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ዳገት ሊጀምር ሲል። አባቴ ከጋሞ ደጋ የመጣ ሸማኔ ነበር። ቤታችን አንድ ክፍል ስትሆን ከበሩ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ጉድጓድ ነበረች። አባቴ ጫፏ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰድዶ፣ በግራና በቀኝ እግሩ መርገጫውን እያፈራረቀ ቀኑን ሙሉ ይሸምናል። በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ድሩን ለማየት ብርሃን ያስፈልጋላ። እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ ትፈትላለች። ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ በኛ መንደር ይህን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

እኔ ብቸኛ ልጅ ነኝ። አባቴ ሙያውን የሚወርስ ወንድ ልጅ ስላልነበረው፣ ሊሞት የተኛ ጊዜ ጎረቤት ጠርቶ ጉድጓዷን በአፈር አስደፈናት። የሽመና ዕቃውን እናቴ ፈታታ፣ በገመድ አስራ ጣራው ሥር ሰቀለችው። በተደፈነው ቦታ ላይ የኔ አልጋ ተዘረጋ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አላለቀስኩም። ታይፕ ተማርኩና አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። እናቴ «ልጄ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የምትሠራው» እያለች ሰፈሩን አዳረሰችው።

ነገሩ የጀመረው ሥራ በያዝኩ በአምስተኛው ዓመት ነው። ጣቶቼ ታይፑን ሲመቱ እግሮቼ ከጠረጴዛው ሥር በራሳቸው ይሄዱ ጀመር። ግራው ሲወርድ ቀኙ ይነሣል፣ ቀኙ ሲወርድ ግራው ይነሣል። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ «ሳይክል ገዛሽ እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች። እኔም እስቅ ነበር። በሦስተኛው ወር ከጉልበቴ በታች ይደነዝዘኝ ጀመር፤ አንድ ቀን ከአውቶቡስ ስወርድ እግሬ ከዳኝና አስፋልቱ ላይ ተዘረርኩ።

መውደቁንስ በቻልኩት። የከፋው የውይይት ክበቡ ነው። ዘመኑ ደርግ ነው። ሰኞ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም አዳራሽ ተሰብስበን ጓድ ታደሰ የተባለ የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ጽሑፍ ያነብልናል፣ እኛ እናዳምጣለን። የአዳራሹ ወለል ጣውላ ነው። እሱ ማንበብ ሲጀምር እግሮቼም ጀመሩ። በእጄ ጭኔን ይዤ ልጫን ብል ባሰባቸው። ጓድ ታደሰ ንባቡን አቋርጦ አየኝ።

«ጓድ በላይነሽ፣ አሰልችቼሽ ነው ወይስ ለሰው ምልክት እየሰጠሽ ነው?»

አንድም የሳቀ ሰው የለም። በዚያን ጊዜ ከዚህ ባነሰ ነገር ተጠርተው ያልተመለሱ ሰዎች እናውቅ ነበር። አሞኝ ነው አልኩ። እንግዲያው የሐኪም ማስረጃ አምጪ አለኝ፤ በሽታ ከሆነ እናዝንልሻለን፣ ካልሆነ ግን አሻጥር ነው። እንግዲህ የኔ ነገር ይህን ይመስል ነበር፦ ሌላው ሰው በሽታ እንዳይገኝበት ይጸልያል፣ እኔ እንዲገኝብኝ እጸልይ ነበር። ሐኪሞቹ «ምንም የለብሽም» ባሉኝ ቁጥር ለነሱ ምሥራች መናገር ነው፣ ለኔ ግን መታሰሪያዬን መጻፍ ነበር።

መጀመሪያ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ድሬሰሩ ጫማዬን እንኳን ሳያስወልቅ ቁርጥማት ነው ብሎ አሥር የቫይታሚን መርፌ አዘዘልኝ። መቀመጫዬ ወንፊት እስኪሆን ተወጋሁ። ማስረጃ ስጠኝ ስለው «ለቁርጥማት ማስረጃ አይሰጥም» አለኝ። ከዚያ ትልቁ ሆስፒታል ሄድኩ። በር ላይ ሰልፍ፣ ካርድ ክፍል ሰልፍ፣ ራጅ ክፍል ሰልፍ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ እግሮቼ ወለሉን ስለሚደልቁት አጠገቤ ያሉት ሕመምተኞች እየተነሡ ይሸሹኛል። አንድ የውጭ አገር ሐኪም ጉልበቴን በመዶሻ መታ መታ አደረገና ለአስተርጓሚዋ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። እሷ ደግሞ ሁለት ቃል አደረገችልኝ፦ «ጤነኛ ነሽ።» ቆሽቴ አረረ። ጤነኛ ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ይዘረራል ወይ ብዬ ብጮህ ዘበኛ ተጠራብኝ።

አንድ የግል ክሊኒክ ደግሞ የሚያስተኛ ክኒን ሰጡኝ። ጠረጴዛዬ ላይ እያንቀላፋሁ እንኳን እግሬ አላረፈም፤ እኔ ተኛሁ፣ እሱ ይሠራል። ጓድ ታደሰም የቢሮዬ በር ላይ ቆሞ «ማስረጃው?» ማለቱን ቀጠለ።

እትዬ ጥሩነሽ የምትባል ጎረቤት አለችን፤ ለማንም በሽታ መድኃኒት የማታጣ፣ በማንም ቤት ጉዳይ ገብታ የማትወጣ ሴት። ይህ የሐኪም አይደለም፣ ጸበል ውሰጂያት ብላ እናቴን አሳመነቻት። ጸበሉን አልሳደብም፤ የተፈወሱ ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ። ሰባት ማለዳ እንጦጦ ወጣሁ፣ በዚያ በረዶ ውኃ ተጠመቅሁ። ካህኑ ሲደግሙ እግሬ ሲደልቅ ሕዝቡ «ይጮሃል፣ ይጮሃል» እያለ መንፈሱን ይጠብቃል። የሚጮህ ነገር ግን አልነበረም። በሰባተኛው ቀን ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ እግሬ ከዳኝና ጫካው መሐል ቁጭ አልኩ። አንዲት እንጨት ተሸካሚ፣ ዕድሜዋ ከእናቴ የሚበልጥ፣ ከቁመቷ የረዘመ ቅጠል በጀርባዋ የተሸከመች ሴት አየችኝ። ሸክሟን መንገድ ዳር ጥላ፣ ክንዴን ትከሻዋ ላይ አድርጋ እስከ አስፋልቱ አወረደችኝ። ከዚያ ሸክሟን ልታነሣ ያንን ዳገት ተመልሳ ወጣች። ስሟን አልጠየቅኋትም። የማመሰግነው አለኝ ካልኩት የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

በመጨረሻ የትልቁ ሆስፒታል አንዲት ነርስ አዝና ወደ አእምሮ ሆስፒታል ላከችኝ። ወረቀቱን ሳሳያት እናቴ ደረቷን መታች። የሰፈር ሰው አብዳለች እንዳይል ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ፣ ሽሮ ሜዳ መሳፈሩ ቀርቶ በጓሮ በጓሮ ወርደን ሌላ ፌርማታ ላይ ነው የተሳፈርነው። እዚያም አግዳሚ አለ፤ ግን አግዳሚው ላይ እግሬን ዓይቶ የሸሸኝ ሰው የለም። እንዲያውም አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ዳቦውን ገምሶ ሰጠኝና «ይዋጣልሽ፣ የኔም እጅ እንዲህ ነበረ» አለኝ።

ሐኪሙ ዶክተር ይልማ ይባላሉ፤ ውጭ ተምረው የመጡ፣ ኮታቸው ክርኑ ላይ የሳሳ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። መዶሻም መርፌም አላወጡም። ወንበራቸውን ዞር አድርገው እግሮቼን ብዙ ደቂቃ ዝም ብለው ተመለከቱ።

«እግርሽ ምን እየሠራ ነው?» አሉኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ! ማልቀስ ሲገባኝ ተናደድኩ። እኔ እንዴት አውቃለሁ፣ ባውቅ እርስዎ ጋ ምን አመጣኝ አልኳቸው። አልተቆጡም። ረቡዕ ረቡዕ እንድመጣ ነገሩኝ። ሕልሜን ጠዋት ጠዋት ደብተር ላይ እንድጽፍ፣ የት እንደምተኛ፣ ልጅ ሆኜ ምን እወድ እንደነበር ሁሉ ጠየቁኝ። ይህን የሚያጠና ትምህርት እንዳለ፣ ሰው ስለራሱ ከሚያውቀው በታች ራሱ የማያውቀው ብዙ ነገር በውስጡ እንዳለ አስረዱኝ። ድምፃቸውን የበለጠ ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ እንዲህ ያለው ትምህርት ያኔ አይወደድም፣ የሰው ችግር ሁሉ ከመደብ ነው የሚባልበት ጊዜ ነበር።

ሕልሜን ነገርኳቸው። ከአልጋዬ ሥር ሰው ያንኳኳል፤ ማነው ስል በልጅነት ስሜ ይጠራኛል። አልጋሽ ሥር ምን አለ አሉ። አፈር አልኩ። ከአፈሩ በፊትስ አሉ። የአባቴ የሽመና ጉድጓድ አልኩና ወደ ሌላ ወሬ ልሄድ ስል በእጃቸው አቆሙኝ።

«እግርሽን አትያዥው፣ እንደፈለገ ይሂድ። እጅሽንም ልቀቂው» አሉኝ።

ለቀቅሁት። ግራ፣ ቀኝ። ግራ፣ ቀኝ። ቀኝ እጄ ከጭኔ ተነሣና የሆነ ነገር ወደ ግራ ወረወረ፤ ግራ እጄ ተቀበለው። ሁለቱም እጆቼ ተነሥተው የማይታይ ነገር ወደ ደረቴ ሳቡና መቱ። እንደገና ወረወርኩ። ድር፣ ማግ፣ መወርወሪያ። ሸማ እየሠራሁ ነበር።

ያኔ ነው ያስታወስኩት። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ቅዳሜ ነው፣ አባቴ ጋቢ ሊሸጥ ገበያ ወርዷል። ዕቃው ላይ ድር ተወጥሯል። ገባሁ። እግሬ አጭር ስለነበረ መርገጫውን የነካሁት በጣቴ ጫፍ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ መቀመጥ ከቻልኩበት ቀን ጀምሮ ሳየው ነው የኖርኩት። አንድ ስንዝር ያህል ሠራሁ። አባቴ ሲመለስ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳበሰው፣ ከሥር ገልብጦ አየው። ጎበዝ ይለኛል ብዬ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንድ ቃል ሳይናገር ማጉን ክር በክር ፈታው። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ አዲስ እንዝርት ገዝቶ ሰጠኝ።

ጠረጴዛቸውን በጡጫ መታሁት። ዶክተር ይልማ መነጽራቸውን አውልቀው ጠበቁኝ፤ ትንፋሼ ሲመለስ እንዲህ አሉኝ፦

«ሰው ለአንድ ሥራ ብቻ ተፈጥሯል እያልኩሽ አይደለም። የቀበርነው ነገር ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ባገኘው ቀዳዳ ይወጣል። ያንቺ በእግርሽ ወጣ። ጥሪሽ ነው።»

ጥሪ የመነኮሳት ነው፣ እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ አልኳቸው። «እሱን ነው የምልሽ» አሉና ማስረጃ መጻፍ ጀመሩ። በውጭ አገር ፊደል አንድ ረጅም የበሽታ ስም ጻፉ፤ ከሥሩ የሦስት ወር ዕረፍት። ጓድ ታደሰ ወረቀቱን ገለበጠው፣ አገላበጠው፣ ማንበብ አለመቻሉን ላለማሳየት «ይገባኛል» ብሎ ፈረመበት። እፎይ አልኩ። እስር ቤቱ ቀረልኝ፤ እግሬ ግን ገና የኔ አልነበረም።

ቤት ገብቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ አልጋውን ጎትቼ ከቦታው አነሣሁት። እናቴ እየፈተለች ነበር።

«እማዬ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ የሸመንኳትን፣ አባዬ የፈታትን፣ ታስታውሻለሽ?»

እንዝርቷ ቆመ። «አስታውሳለሁ» አለች። ያን ዕለት ማታ አባቴ ምን እንዳላት ነገረችኝ፦ ስህተት ፈልጌ አጣሁባት፣ እጇ ከኔ ይበልጣል፣ ግን ጉድጓድ የገባች ሴት ማን ያገባታል ብሎ ነበር። ጉድጓዷንም ያስደፈናት እኔ እንዳልገባባት ነው። እሷንም እንዳትነግረኝ አስምሏታል።

ደሜ ፈላ። ሁለት ዓመት ሙሉ! መርፌው፣ ራጁ፣ በረዶው ውኃ፣ ጓድ ታደሰ፤ እናቴ ሁሉንም አብራኝ እየዞረች፣ የእግሬን ምት ደግሞ በየቀኑ እየሰማች። ሠላሳ ዓመት ከሸማኔ ጎን የተቀመጠች ሴት ያንን ምት አታውቀውም? ታውቀዋለች። አውቄ ነበር አለችኝ በግልጽ። «ፈርቼ ነው። ሸማኔ እያሉ የሰደቡን ይበቃል፣ ስድቡ እንዳይደርስብሽ ብዬ ነው» አለች። እኔ ደግሞ ከስድቡ ይልቅ ዝምታሽ ነው እግሬን የበላው አልኳት። ከባድ ነገር ተናገርኩ፤ አሁንም ቢሆን አልመልሰውም።

ያን ቀን መቆፈሪያ ተውሼ ጉድጓዷን መቆፈር ጀመርኩ። አፈሩ ስምንት ዓመት በላዩ ተተኝቶበት ድንጋይ ሆኗል። አራት ቀን ፈጀብኝ። በአራተኛው ቀን እናቴ ወንበር ላይ ወጥታ የታሰረውን ዕቃ ከጣራው አወረደችልኝ። ድሩን አብረን ወጠርነው። ጫፏ ላይ ተቀምጬ እግሬን ወደ ውስጥ ስሰድ መርገጫው እግሬ ሥር ገባ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ በጣቴ ጫፍ የነካሁት አሁን በሙሉ እግሬ ሆነልኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ድንዛዜው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ወረደ። በወሩ ጠፋ። እግሬ አልጋ ላይ ስተኛ ይተኛል፣ ስሄድ ይሄዳል፣ ስሸምን ብቻ ይሸምናል።

ዳንኩ ማለት ነው? እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግን እናቴ አንድ ነገር አልለቀቀችም፦ ልሠራ ስቀመጥ ተነሥታ በሩን ትዘጋዋለች። ክረምት ከበጋ፣ ጠራራ ፀሐይ ውጭ እያለ እኔ በኩራዝ ነው የምሸምነው። አባቴ አንድ ቀን በሩን ዘግቶ አልሠራም። ክፈቺው ስላት «ሰው ያይሻል» ትላለች። ጢሱ ዓይኔን እያቃጠለው፣ ድሩ በቅጡ ሳይታየኝ፣ እልህ ይዞኝ እሠራለሁ። ዕረፍቴ አልቆ ሥራ ተመለስኩ፤ በውይይት ክበቡ እግሬ ጭጭ ብሎ ተቀመጠ። ቅዳሜ ቅዳሜና ከሥራ መልስ ደግሞ በተዘጋ በር እሸምናለሁ። ዶክተር ይልማን ልነግራቸው አንድ ረቡዕ ብሄድ ክፍላቸው ውስጥ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወሩ አሉኝ፤ የትና ለምን ብዬ ብጠይቅ የሚያውቅ የለም። አላመሰገንኳቸውም። እዚህ ላመስግናቸው።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ መልስ እትዬ ጥሩነሽ ደጃችን ላይ ቆመች። ከውስጥ ሆኜ ሰማኋት። እናቴ ውጭ ጥጥ ታሰጣለች።

«የሽመና ድምፅ ነው የምሰማው?» አለቻት። «ማንን አስገባችሁ? ሸማኔ ተከራየባችሁ እንዴ?»

እጄ መወርወሪያውን እንደያዘ ቀረ። እናቴ አዎ እንደምትል አውቄያለሁ። ተከራይ ነው፣ የአጎቷ ልጅ ነው፣ ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ነው፤ እንደዚህ ያለ መልስ እንዳዘጋጀች አውቃለሁ። እሷ እንደዚያ ካለች ጉድጓዷን ትቼ ከቤት ለመውጣት በልቤ ወሰንኩ። 

«ልጄ ናት» አለች እናቴ።

«የትኛዋ ልጅሽ?»

«ስንት አለኝ? በላይነሽ ናት።» ከዚያ የበሩ መቀርቀሪያ ከውጭ ሲነሣ ሰማሁ። እናቴ ሁለቱንም መዝጊያ ገፍታ እስከ ግድግዳው ድረስ ከፈተችውና «ግቢና እዪ» አለቻት።

እትዬ ጥሩነሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆመች።  እናቴ እንዝርቷን ይዛ መጥታ አባቴ ሲሠራ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠች። እኔ ሁለቱንም አልተመለከትኳቸውም። የረፋዱ ፀሐይ ከደጅ ገብቶ ድሩ ላይ ወድቆ ነበር፤ በኩራዝ የሠራሁት ጋቢ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ታየኝ። ሦስት ቦታ ማጉ ዘሏል።

ጉድ ነው አልኩ፣ ተናደድኩ። መወርወሪያውን አስቀምጬ እስከ መጀመሪያው ስህተት ድረስ ክር በክር ፈታሁትና እንደገና ጀመርኩ።